ወገብ ላይ የሚያዝ ትንሽ ባለ 45 ሽጉጥ፦ የትኛው ይሻላል?

ከአሜሪካ ለእረፍት አዳማ የሚመጡ ዘመድ ወዳጆች ቡና ላይ ከሚያነሱብኝ ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው። "እዚያ ፈቃድ አውጥቻለሁ። ትንሽ ሆኖ ጥይቱ ወፍራም የሆነ ሽጉጥ የትኛውን ልግዛ?" ይሉኛል። ብዙዎቹ ነዳጅ ማደያ ወይም ትንሽ ሱቅ ያላቸው ናቸው። ሌሊት ሱቅ ዘግተው፣ የቀኑን ገቢ ይዘው ወደ መኪናቸው የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። ስጋታቸው ይገባኛል። እኔም ቴክሳስ ስኖር ከእነዚህ ሽጉጦች አብዛኞቹን ተኩሼባቸዋለሁ፤ ሁለቱን ታጥቄአቸዋለሁ። ስለዚህ አንዴ በደንብ ልጻፈው።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። 45 (የጥይቱ ውፍረት 0.45 ኢንች ገደማ ማለት ነው) ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ለሚል፣ ቀጭን ልብስ የሚለብስ ከሆነ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ 45 ይሻለዋል። እጁ ሰፊ ለሆነና ልብሱ ለሚሸፍንለት ደግሞ ግሎክ 30። ለጀማሪ ግን ሁለቱንም አልመክርም። ጀማሪ 9 ሚሊ ሜትር ይግዛ።

ከጥይቱ እንጀምር። ጆን ብራውኒንግ ለ45 ጥይት የሠራውን ሽጉጥ የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1911 ተቀበለው። በ1985 ባለ 9 ሚሊ ሜትሩ ቤሬታ እስኪመረጥ ድረስም የጦሩ መደበኛ ሽጉጥ ሆኖ ቆየ። የጥይቱ ራስ ውፍረት 11.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የተለመደው ክብደቱ ወደ 15 ግራም ይጠጋል። የ9 ሚሊ ሜትሩ ግን 8 ግራም ገደማ ነው። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ፍጥነቱ ያን ያህል አይደለም፤ ከባለ ሙሉ መጠን ሽጉጥ ሲወጣ በሰከንድ 260 ሜትር ገደማ ይጓዛል።

ያ የጦር ሽጉጥ ግን ከ1 ኪሎ በላይ ይመዝናል። አፈሙዙም 127 ሚሊ ሜትር ነው። ክብደቱ ራሱ ርግጫውን፣ ማለትም ሲተኮስ ወደኋላ የሚገፋውን ኃይል፣ ይውጠዋል። ዛሬ ሱቅ መስታወት ውስጥ የሚታየው ትንሹ ባለ 45 ደግሞ 600 ግራም ገደማ ነው። የቀነሰው ሽጉጡ እንጂ ጥይቱ አይደለም። የቀረውን ርግጫ የሚሸከመው የእናንተ አንጓ ነው። በዚያ ላይ አፈሙዝ ሲያጥር ጥይቱ ፍጥነት ያጣል። አፉ የተቦረቦረው፣ ራስን ለመከላከል የሚያዘው ጥይት ደግሞ ሲመታ እንዲከፈት ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ ትንሽ ሽጉጥ የሚገዛ ሰው ለአጭር አፈሙዝ ተብሎ የተሠራ ጥይት ጠይቆ መግዛት አለበት። ብዙ ሻጭ ይህን ካልጠየቃችሁት አይነግራችሁም።

አሁን ወደ መደበቁ። እዚህ አዳማ ነገሩ በግልጽ ይታያል። በሚያዝያ ፀሐይ ሰው ሁሉ በቲሸርት ላብ በላብ ሆኖ ሳለ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ጃኬት ደርቦ የሚሄድ ነጋዴ አይጠፋም። ባጃጅ ውስጥ ለመግባት ጎንበስ ሲል ጃኬቱ ከኋላ ይነሳል። ቀኝ ዳሌው ላይ ያለው እጀታ ልብሱን ገፍቶ ቅርጹን ያወጣል። ሹፌሩም ያያል፣ መንገደኛውም ያያል። ልብ በሉ፣ የሚያጋልጠው እጀታው ነው። አፈሙዙ ሱሪ ውስጥ ስለሚገባ ርዝመቱ ያን ያህል አያስቸግርም። ሰው ግን ሱቅ ገብቶ ሽጉጥ ሲያወዳድር መጀመሪያ የሚለካው የአፈሙዙን ርዝመት ነው። እኔ ብሆን የእጀታውን ርዝመትና ውፍረት ነው ቀድሜ የማየው። ቴክሳስም በበጋ ከአዳማ ቢብስ እንጂ አያንስም፤ እዚያም ያለው ልብስ አንድ ስስ ሸሚዝ ነው።

በዚህ መለኪያ ግሎክ 30ን እና ሺልድ 45ን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው።

ግሎክ 30 አጭር ነው፤ ቀጭን ግን አይደለም። ውፍረቱ ከ32 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። ምክንያቱም ካዝናው በሁለት ረድፍ 10 ጥይት ይይዛል። ባዶውን 750 ግራም ገደማ ይመዝናል። ካዝናው ሲሞላ አንድ ኪሎ ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። ይህ ክብደት ቀኑን ሙሉ ቀበቶ ሲጎትት ይሰማል። በተራ ቀበቶ ከያዛችሁት ሱሪያችሁ በአንድ ጎን ይወርዳል፤ በየደቂቃው እጃችሁን ሰዳችሁ ታስተካክላላችሁ። ሰው የሚጠረጥራችሁ ያኔ ነው። ወፍራም የቆዳ ቀበቶ የግድ ነው። ሲተኮስ ግን ያ ክብደት ውለታውን ይመልሳል። ርግጫው ጠንካራ ቢሆንም ወደኋላ ገፋ የሚያደርግ ዓይነት ነው፤ እጅ አይቆርጥም። አጭር አፈሙዝ ላለው ባለ 45 በጣም የተረጋጋ ሆኖ ነው ያገኘሁት። ችግሩ እጀታው ነው። ጣቱ አጭር የሆነ ሰው እጀታውን ጨብጦ ቃታው ላይ በደንብ አይደርስም። ለመድረስ ሲል መዳፉን ያዞራል፤ ጥይቱም ወደ ጎን ይሄዳል።

ሺልድ 45 እ.ኤ.አ. በ2016 ነው የወጣው። ውፍረቱ 25 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 580 ግራም ገደማ፣ አፈሙዙ 84 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ የ6 እና አንድ የ7 ጥይት ካዝና አለው። ከግሎክ 30 ጋር ያለው የውፍረት ልዩነት ወረቀት ላይ ሲያዩት ትንሽ ነው። ሱሪ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ነገር ነው። ሺልዱን ታጥቄ መኪና ውስጥ ረጅም መንገድ ተቀምጬ ነድቻለሁ። የጎን አጥንት አይወጋም። ከስስ ሸሚዝ ሥር ይጠፋል። ለትንሽ እጅም ይመቻል፤ የእጀታው ጎን ሸካራ ስለሆነ ላብ ባለበት እጅ አይንሸራተትም። ዋጋውን የምትከፍሉት ሲተኮስ ነው። አፈሙዙ ወደ ላይ ይዘላል፤ ማነጣጠሪያውን እንደገና ዒላማው ላይ ለማስቀመጥ ጊዜ ይወስዳል። አንድ ፓኬት 50 ጥይት ተኩሳችሁ ስትጨርሱ መዳፋችሁ ይቀላል።

ሁለቱን ከሚለዩት ነገሮች ለእኔ ትልቁ የጥይት ብዛት አይደለም። በአውራ ጣት የሚዘጋ መቆለፊያ ነው። ግሎክ ከውጭ የሚዘጋ መቆለፊያ የለውም። ያለው ቃታው ላይ የተሰካች ትንሽ ምላስና የውስጥ መከላከያዎች ብቻ ናቸው። ጣት ወይም ሌላ ነገር ቃታውን ከሳበው ይተኩሳል። የሸሚዝ ጫፍ ማህደሩ (ወገብ ላይ ያለው የሽጉጥ ማስገቢያ) ውስጥ ገብቶ ቃታ ሊስብ ይችላል። ስለዚህ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ ማህደር ሳይገዙ ግሎክ መግዛት የለባችሁም። ሺልድ ግን መቆለፊያ ያለውም የሌለውም ይሸጣል። ቤታችሁ ልጆች የሚሯሯጡበት ከሆነ መቆለፊያ ያለውን ውሰዱ። እሱ ግን የብረት ሳጥንን አይተካም። ከወገብ ሲወርድ ሽጉጡ ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ይገባል። ትራስ ሥርና ቁም ሣጥን ላይ የሚባል ነገር የለም።

ሦስተኛው ስፕሪንግፊልድ ኤክስ ዲ ኤስ ነው። እሱም ቀጭን ነው፤ አጭሩ ካዝናው 5 ጥይት ይይዛል። እጀታው ጀርባ ላይ መዳፍ ካልተጫነው የማይተኩስበት መቆለፊያ አለው፤ ይህን እወድለታለሁ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2013 አምራቹ ቃታ ሳይሳብ ሊተኩስ ይችላል በሚል ራሱ አስጠርቶ አስተካክሎታል። በእጅ የዞረ ከሆነ ያ ጥገና እንደተደረገለት በመለያ ቁጥሩ ሳታረጋግጡ ገንዘብ አትክፈሉ።

የድሮው 1911 (ያ የብራውኒንግ የጦር ሽጉጥ) ፍቅር ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ኮልት ዲፌንደርን ያያሉ። 76 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ፣ 7 ጥይት፣ አካሉ ከአሉሚኒየም። በጣም ያምራል፤ ቃታውም እንደ ቅቤ ነው። ለመታጠቅ ግን አልመክረውም። ብራውኒንግ የሠራው ለረጅም አፈሙዝ ነበር። ሲያጥር የላዩ ብረት የሚመላለስበት ቦታ ያንሳል፣ ፍጥነቱም ይጨምራል። ካዝናው ቀጣዩን ጥይት በሰዓቱ ለማቅረብ ይሽቀዳደማል። ስፕሪንጉ ትንሽ ሲደክም ጥይት ይነክሳል፤ ሽጉጡም ይቆማል። ስፕሪንግ በየጊዜው መለወጥ የሚወድ ሰው ይግዛው። በዚያ ላይ የሚያዘው መዶሻው ተነስቶ፣ መቆለፊያው ተዘግቶ ነው። ይህን ያለ ልምምድ የሚችለው የለም።

አገር ቤት ሽጉጥ የሚያውቅ ሰው ሁሉንም የሚለካው በማካሮቭ ነው። በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት የመጣው ማካሮቭ ዛሬም በብዙ እጅ አለ። 730 ግራም ይመዝናል፣ 8 ጥይት ይይዛል፣ አይበላሽም ማለት ይቻላል። ጥይቱ 9 በ18 ስለሆነ ከተለመደው 9 በ19 ጋር አይቀያየርም፤ ይህን አታምታቱ። "ማካሮቭ ተኩሻለሁ፣ 45 ምን ያቅተኛል?" የሚል አጋጥሞኛል። የማካሮቭ ጥይት 6 ግራም ገደማ ነው። ከ15 ግራሙ ጋር አይወዳደርም። ማካሮቭ ያስለመዳችሁን አያያዝ ሺልድ 45 ላይ ብትደግሙት ሽጉጡ እጃችሁ ውስጥ ይዞራል።

እና ለምንድን ነው ጀማሪን ወደ 9 ሚሊ ሜትር የምገፋው? የአሜሪካ ኤፍ ቢ አይ የሄደበትን መንገድ እዩ። እ.ኤ.አ. በ1986 ማያሚ ላይ ሁለት ባልደረቦቹ ከተገደሉበት የተኩስ ልውውጥ በኋላ ጥይታችን ደካማ ነው ብሎ ወደ ወፈረው ሄደ። 40 ካሊበር የሚባለው ጥይትም በ1990 የወጣው በዚያ ምክንያት ነው። በ2014 ግን የሥልጠና ክፍሉ ወደ 9 ሚሊ ሜትር መመለስ ይሻላል አለ። ምክንያቱም ዘመናዊው የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ከወፍራሞቹ ጋር ተቀራራቢ ሥራ ይሠራል፤ አብዛኛው ተኳሽም በ9 ሚሊ ሜትር ፈጥኖ ይተኩሳል፣ በተሻለ ሁኔታም ይመታል። ይህን የሚሉት ሥራቸው ሆኖ የሚለማመዱ ሰዎች ናቸው። ከሥራ ሰዓት ተርፎት በወር አንዴ ለሚተኩስ ባለ ሱቅ ነገሩ እጥፍ ይሆናል። የ45 ጥይት ዋጋም ከ9 ይበልጣል። ዋጋው ሲበልጥ ልምምዱ ይቀንሳል።

ስለዚህ ግሎክ 19ን እዩ፤ 15 ጥይት ይይዛል፣ ለመማሪያም ለመታጠቂያም ይሆናል። ወፍራም ከሆነባችሁ ግሎክ 43ኤክስ ወይም ሲግ ፒ 365 አለላችሁ። ሁለቱም 10 ጥይት ይይዛሉ፤ ከሺልድ 45 እየተመቹ ብዙ ጥይት ይሰጣሉ።

ከመግዛታችሁ በፊት ሕጉን እወቁ። አሜሪካ ውስጥ ግሪን ካርድ ያለው ሰው እንደ ዜጋው መግዛት ይችላል። በጉብኝት ቪዛ የሄደ ግን በመደበኛው መግዛትም መያዝም አይችልም። የአንዱ ግዛት ፈቃድ በሌላው ላይሠራ ይችላል። አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው በቨርጂኒያ ፈቃዱ ሽጉጡን ታጥቆ ድልድዩን ተሻግሮ ዋሽንግተን ወይም የሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲገባ ወንጀለኛ ይሆናል። ብዙ አበሻ በቀን ሁለቴ የሚመላለስበት መንገድ ነው። ኡበርና ሊፍት ደግሞ ሾፌሮቻቸው መሣሪያ ይዘው እንዳይሠሩ ይከለክላሉ።

ወደ አዳማ ጠቅልላችሁ ልትመጡ ካሰባችሁ ሽጉጡን እዚያው በሕጋዊ መንገድ ሽጡት። ያለ ፈቃድ ወደ አገር ማስገባት ወንጀል ነው። እዚህ የጦር መሣሪያ ነገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው የሚገዛው፤ ያለ ፈቃድ መያዝ አይቻልም። ከሰው እጅ በወሬ መግዛት የሚባለውን ነገር እርሱት። የአሜሪካ ፈቃድም እዚህ ወረቀት ብቻ ነው።

ለመግዛት ከወሰናችሁ ሽጉጥ የሚያከራይ የመተኮሻ ቦታ ሂዱ። ሺልድ 45ን፣ ግሎክ 30ን እና አንድ ባለ 9 ሚሊ ሜትር ተከራዩ። በ7 ሜትር ርቀት ላይ ወረቀት ስቀሉ። ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጥይት እያከታተላችሁ ተኩሱ። የመጀመሪያዋን ቀዳዳ እርሷት፤ የመጀመሪያዋ በሁሉም ታምራለች። ሁለተኛዋ የት እንዳረፈች እዩ። በ45 ሁለተኛዋ ከመዳፍ ስፋት በላይ እየራቀች ከሄደች፣ በዚያው ቀን 9 ሚሊ ሜትሩን ግዙ። ተቀራርበው ካረፉ ግን ሽጉጡን ባዶውን ማህደር ውስጥ አስገብታችሁ፣ የምትለብሱትን ሸሚዝ ለብሳችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ የጫማ ክር እሰሩ። አብሯችሁ የሄደው ሰው እጀታውን ካላየ፣ ሂሳብ ክፈሉ።