ጎንደር ላይ በግል ሆስፒታል «ጠቅላላ ዋጋ» ስትባሉ ወረቀት ጠይቁ

ጎንደር ያላችሁ፣ ወይም ከደምቢያ፣ ከጭልጋ፣ ከወገራ ታማሚ ዘመድ የሚመጣባችሁ፣ ይህን አንብቡት። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። እኔ በ65,000 ብር የተማርኩትን ነው በነጻ የምነግራችሁ።

የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። ሐኪሞቹንም አልከስም። ቀዶ ጥገናውን የሠራው ዶክተር እጁ ይባረክ፣ አክስቴ ዛሬ በእግሯ ትሄዳለች። የእኔ ጠብ ከሂሳብ ክፍሉ ጋር ነው።

ሐሙስ ማታ ነው። አክስቴ ከቆላድባ እኔን ልትጠይቅ መጥታ ነበር። ቀኑን ሙሉ «ቁርጠት ነው፣ ያልፋል» እያለች ጤና አዳም በቡና ስትጠጣ ዋለች። ማታ 4 ሰዓት ላይ ቀኝ ጎኗን ይዛ ተጠቀለለች። ትኩሳትም ነበራት። ባጃጅ ጠራሁ።

የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት እዚያው ባጃጁ ውስጥ ነው። ልጁ «ወዴት ልንዳው?» ሲለኝ «መንግሥት ቤት ወረፋ ነው፣ ወደ ግል ውሰደን» አልኩት። ወረፋ ይኑር አይኑር ሄጄ አላየሁም። የሚገርመው፣ የጎንደር ጤና ኮሌጅ፣ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው የመንግሥት ሆስፒታል ያለበት ቤት፣ በ1947 የተቋቋመው ደምቢያ ላይ ወባ ብዙ ሰው ከጨረሰ በኋላ ነው። ለአክስቴ አገር ሰው ተብሎ የተጀመረውን ቤት፣ የደምቢያዋን አክስቴን ይዤ አለፍኩት ማለት ነው። የደነገጠ ሰው ይህን ሁሉ አያስብም።

እዚያ እንደደረስን በአልትራሳውንድ ታየች። ትርፍ አንጀት ነው፣ ዛሬ ሌሊት መሠራት አለበት ተባለ። ስንት ነው አልኩ። ካርድ ክፍል የነበረው ልጅ ከወንበሩ ሳይነሳ «ጠቅላላ 45 ሺህ ነው» አለኝ። «መድኃኒትም አልጋም?» «አዎ፣ ጠቅላላ።» 30,000 ቅድሚያ በቴሌብር ላክሁ። ልጁ የቅድሚያውን ደረሰኝ ቆርጦ ሰጠኝ፤ ላዩ ላይ «ቅድሚያ» ከሚል ቃልና ከገንዘቡ መጠን በቀር ምንም የለም። 45 ሺህ የሚል ነገር የትም አልተጻፈም። እኔም አልጠየቅሁም። አክስቴ እያቃሰተች ማን ወረቀት ያስባል?

ሰኞ ረፋድ ላይ የመጣው ሂሳብ 81,050 ብር ነበር።

ደሜ ፈላ። መጀመሪያ የጮህኩት ገንዘብ ያዧ ላይ ነው፣ ያ ሁለተኛው ስህተቴ ነው። እሷ ምንም የመቀነስ ሥልጣን የላትም። ኮምፒውተሩ የሚላትን ነው የምታነበው። ግማሽ ሰዓት ጮኼ ጉሮሮዬ ሲደርቅ፣ አንዲት ሲስተር ጠጋ ብላ «ወንድሜ፣ ዝርዝሩን ጠይቅ እንጂ» አለችኝ። ስሟን አላውቅም፣ እግዜር ይስጣት።

ዝርዝሩን ጠየቅሁ። መጀመሪያ «ሲስተሙ ዝርዝር አያወጣም» ተባለ። ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ ስል ሲስተሙ አወጣ።

እንዲህ ይላል። ቀዶ ጥገና 45,000። አልጋ 5 ቀን በ2,200 ሂሳብ፣ 11,000። መድኃኒት 9,850። ላቦራቶሪ 6,400። «ልዩ ልዩ ዕቃዎች» 4,300። ኦክስጅን 2,400። አልትራሳውንድ 1,200። ካርድና ምርመራ 900።

ያ «ጠቅላላ» የተባለው 45 ሺህ የቀዶ ጥገናው ብቻ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ሐሙስ ማታ የነገረኝን ልጅ ፈልጌ አገኘሁት። «እኔ ኦፕሬሽኑን ነው ያልኩህ» አለ። ምን ትለዋለህ? የእሱ ቃልና የእኔ ቃል ነው፣ ምስክር የለም። በደንብ ልብ በሉልኝ፣ ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። «ጠቅላላ» ማለት ለእናንተ ከመግባት እስከ መውጣት ነው። ለእነሱ ግን ከማደንዘዣ እስከ ስፌት ሊሆን ይችላል።

ከዚያ እስክሪብቶ አወጣሁና በየመስመሩ ገባሁበት።

አልጋው። ሐሙስ ማታ ገባን። እሁድ ጠዋት ዶክተሩ አይቷት «ትውጣ» ብሎ ፈርሟል። ለምን ሰኞ ድረስ ቆየን? እሁድ ሂሳብ ክፍል ስለማይሠራ! አክስቴ አንድ ሌሊት ያደረችው ሂሳብ የሚሠራ ሰው ስላልነበረ ነው፣ ያንንም በ2,200 አስከፈሉን። የወጣንበትን ሰኞንም አንድ ቀን ብለው ቆጥረውታል። የመውጫ ትእዛዙ ካርዷ ላይ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎ ስለነበር እሱን አሳየሁ። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ ሦስት ሌሊት። ሁለቱ ቀን ተሰረዘ፣ 4,400 ወረደ።

መድኃኒቱ። ሴፍትሪያክሶን የሚባለው የአንቲባዮቲክ መርፌ 12 ብልቃጥ፣ እያንዳንዱ 320 ተብሏል። ዓርብ ዕለት ግን «አልቆብናል» ብለው ስድስቱን ውጭ ካለ ፋርማሲ ያስገዙኝ እነሱ ናቸው። ደረሰኙ ኪሴ ውስጥ ተጨማዶ ተገኘ። ባልይዘው ኖሮ አንድ መድኃኒት ሁለቴ ልከፍል ነበር። 1,920 ወረደ። ከውጭ የምትገዙትን ሁሉ፣ ግላቭም ይሁን መርፌ፣ ደረሰኙን አትጣሉ።

ላቦራቶሪው ላይ የደም ምርመራ፣ ያ ሲቢሲ የሚሉት፣ ሦስት ጊዜ ተጽፏል። ውጤቱ የመጣው ሁለት ጊዜ ነው። 450 ተነሳ። ትንሽ ናት፣ ግን ለምን?

«ልዩ ልዩ ዕቃዎች» የሚለውን ስይዘው ነው የሂሳብ ሹሙ ፊቱ የተለወጠው። ምን ምን ነው አልኩ። ሄዶ፣ ቆይቶ፣ የእጅ ጽሑፍ ዝርዝር ይዞ መጣ። ተደምሮ 2,750 ሆነ። 1,550 ብር የት ገባ ስለው «የአሠራር ስህተት ነው» አለ። ስህተቱ አንድም ቦታ ለእኛ አላደላም፣ ይገርማል።

ኦክስጅኑ ላይ ተሸንፌያለሁ። የቀዶ ጥገናው አካል ነው ብዬ ተከራከርኩ፣ ለብቻው ነው የሚታሰበው አሉ። እኔም ማስረጃ አልነበረኝም፣ ለቀቅሁት።

በዚህ ብቻ 8,320 ወርዶ 72,730 ደረሰ። አሁንም ብዙ ነው። እዚህ መሀል አንድ ነገር ተከሰተ፣ እሱን ለብቻው ልንገራችሁ። አንድ ሰው ኮሪደር ላይ ያዘኝና በዝግታ «ደረሰኝ የማትፈልግ ከሆነ ሌላ 5 ሺህ እናስቀንስልህ» አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ከጅሎ ነበር። 5 ሺህ ብር አክስቴን የወር ሙሉ ምግብ ያበላታል። ግን አሰብኩት። ያለ ደረሰኝ ከከፈልኩ በኋላ ነገ «ቀሪ አለብህ» ቢሉኝ ምን አሳያለሁ? ቁስሉ ቢያመረቅዝ፣ እዚያ መታከሟን በምን አስረዳለሁ? ቅሬታ ላቅርብ ብል ማን ይሰማኛል? እምቢ አልኩ። እናንተም እምቢ በሉ። በነገራችን ላይ የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የአገልግሎቱን ዋጋ በሚታይ ቦታ እንዲገልጽና ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዛል። ሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ዝርዝር የካርድና የላቦራቶሪ ብቻ ነበር። የቀዶ ጥገና ዋጋ የለበትም። ይህንንም በስልኬ ፎቶ አነሳሁት።

ከዚያ ሜዲካል ዳይሬክተሩን አገኘሁ። እዚህ አልጮህኩም። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩና «ዶክተር፣ ሐሙስ ማታ 45 ሺህ ጠቅላላ ነው ተብዬ ነው ያስገባኋት። ከዚህ በላይ ቢባል ሌላ ቦታ እወስዳት ነበር። የዋጋ ዝርዝራችሁ ይኸው፣ የቀዶ ጥገና ዋጋ የለበትም። አልከፍልም አላልኩም፣ የምችለውን ልክፈል» አልኩ። ሰውዬው ሰማኝ። ከ72,730 ላይ ቀንሶ 65,000 አደረገው። 30 ከፍለናል፣ 20 ዛሬ፣ 15 ከወር በኋላ። ዋስ አምጣ አሉ፣ የሥራ ባልደረባዬ መጥቶ ፈረመልኝ። መጀመሪያ «የቤት ካርታ ወይ የመኪና ሊብሬ አስይዝ» ብለውኝ ነበር፣ በጭራሽ አልኩ። ለ15,000 ብር የቤት ካርታ የምታስይዙ እንዳትሆኑ።

ስምምነቱን በወረቀት አስጻፍኩ፣ ማህተም አስመታሁ፣ ቅጂውን ያዝኩ። ከሐሙሱ የተማርኩት ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ከ81,050 ወደ 65,000፣ 16,050 ብር አተረፍኩ ልበል? ከተነገረኝ ዋጋ ግን 20,000 ብር በላይ ከፍያለሁ። ድል አይባልም።

አሁን ብመለስ ምን አደርግ ነበር? ታማሚ እያቃሰተ ስለ ዋጋ ተከራከሩ አልላችሁም፣ ትርፍ አንጀት ቀልድ የለውም፣ ከፈነዳ ሌላ ጣጣ ነው። ግን ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። አንዱ ከታማሚው ጋር ይግባ፣ ሌላው ካርድ ክፍል ይቁም። ቅድሚያውን ከመላኩ በፊት አንድ ብጣሽ ወረቀት ላይ «45,000፣ አልጋ፣ መድኃኒት፣ ላቦራቶሪ፣ ዕቃ ጨምሮ» ብሎ ያስፈርም። አልፈርምም ካሉ ስልኩን አውጥቶ የተባለውን በቴክስት ለራሳቸው ይላክላቸው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከገባችሁ በኋላ ደግሞ በየማታው የተሰጠውን መርፌ፣ የተወሰደውን ደም፣ ከውጭ የተገዛውን ስልካችሁ ላይ ጻፉ። በአምስተኛው ቀን ማስታወስ አይቻልም፣ እኔ ሞክሬዋለሁ።

ስለ ጤና መድኑም ልበል፣ አክስቴ ትፈቅድልኛለች። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር አላት። ዘንድሮ አላሳደሰችም። «ሦስት ዓመት ከፍዬ አንድ ቀን አልታመምኩ፣ ምን ያደርግልኛል» ብላ ነው። ይህ መድን በ2003 በሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ከገቡት ወረዳዎች አንዷ ጎረቤታችን ፎገራ ናት፣ ስለዚህ ለእኛ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም። በየዓመቱ በቀበሌ መታደስ አለበት። በመደበኛው መንገድ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር ወደ መንግሥት ሆስፒታል ነው የሚያስኬደው። እኛ የገባንበት ዓይነት የግል ቤት ላይ ደብተሩ ቢታደስም አይሠራም ነበር። ስለዚህ ደብተር ያለው ዘመድ ካላችሁ ባጃጁን ወደ መንግሥት ቤት አስነዱት፣ ወረፋውን እዚያው ሄዳችሁ እዩት። በጣም አቅም ያጣ ሰው ከሆነ ደግሞ ስለ ነጻ ሕክምና ማስረጃ ቀበሌውን ይጠይቅ። ወሊድ፣ የቲቢ ሕክምና፣ የሕፃናት ክትባት በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ነው፣ ለእነዚህ ገንዘብ ተበድራችሁ አትሩጡ።

ዳይሬክተሩ ባይሰማኝ ኖሮ ዝርዝሩን፣ ካርዱንና የግድግዳውን ፎቶ ይዤ መጀመሪያ ከተማው ጤና መምሪያ፣ ቀጥሎ ንግድና ገበያ ልማት መምሪያ ልሄድ ወስኜ ነበር። አልደረስኩበትም፣ ስለዚህ እንዴት እንደሚያስተናግዱ ልነግራችሁ አልችልም። የደረሰባችሁ ካላችሁ ጻፉልን።

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻዋን 15,000 ልከፍል ሄድኩ። ገንዘብ ያዧ ኮምፒውተሩን አየችና «ቀሪህ 31,050 ነው» አለችኝ። የተቀነሰውን ማንም አላስገባውም፣ የድሮው 81,050 እንዳለ ተቀምጧል። ማህተም ያለበትን ወረቀት አውጥቼ መስኮቱ ላይ አኖርኩት። አነበበችው፣ ተነስታ ሄደች፣ ተመለሰች። 15,000 ተቀብላ ደረሰኝ ቆረጠችልኝ፣ ላዩ ላይም «ቀሪ የለበትም» ብላ እንድትጽፍልኝ አደረግሁ።