የሞተርሆማችሁ ሽንት ቤት ላስቸገራችሁ፦ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ

ሞተርሆም (መኝታም ሽንት ቤትም ያለው የጉዞ መኪና) ያላችሁ ሰዎች፣ የሽንት ቤትና የፍሳሽ ነገር በደንብ የሚገባው ባለሙያ አግኝቻለሁ። እጁ ይባረክ! ለራሴ ብቻ ይዤው ብቀመጥ ነውር ነው።

የእኛ ችግር ሽታ ነበር። ስንቆም ደህና ነው፤ ስንነዳ ግን አያስቀምጥም። መጀመሪያ ያሳየንበት ጋራዥ ሽንት ቤቱም ፍሳሹ የሚጠራቀምበት ታንከርም ወጥቶ በአዲስ ይቀየር አለን። ስሙን አልጠራም። ብቻ ጎንበስ ብሎ እንኳ ያየልን ሰው አልነበረም።

ይሄኛው መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ጥያቄ አበዛብን። መስኮት ስትከፍቱ ይብሳል? ሻወሩን ትጠቀሙበታላችሁ? ሻወሩን ብዙም አንነካውም፤ ለካ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። ከሻወሩ ወለል ስር ያለችው የታጠፈች ቧንቧ ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ መያዝ አለባት፤ ከታንከሩ የሚመጣውን ሽታ የሚያግደው ያ ውሃ ነው። ካልተጠቀሙበት ይደርቃል፣ መንገዱ ሲያንገጫግጭም ይፈሳል። ከዚያ እየነዳችሁ መስኮት ስትከፍቱ የመኪናው አየር ወደ ውጭ ይሳብና በእሱ ፈንታ የታንከሩ አየር በዚያች ባዶ ቧንቧ ሽቅብ ይመጣል። ስለዚህ የሸተተን የመታጠቢያና የሲንክ ውሃ የሚጠራቀምበት ግራጫው ታንከር ነው፤ ሽንት ቤቱ የሚገባበት ጥቁሩ ታንከር ምንም አላደረገም። አንድ ጆግ ውሃ ደፋበት። አለቀ።

ሂሳቡን ተቀብሎ መሄድ ይችል ነበር። እሱ ግን የሽንት ቤቱ ሳህን ውስጥ ውሃ ሞልቶ ቁጭ አለ። ውሃው ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ከስር ያለው መዝጊያ ጎማ በደንብ አይገጥምም ማለት ነው። ይቀየር ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ጓንቱን አጥልቆ ጎማው የሚያርፍበትን ቦታ ዙሪያውን ጠረገው። የሶፍት ቁራጭና የጠጠረ የውሃ ጨው ወጣ። ከዚያ የሲሊኮን ቅባት ቀባው፣ ውሃውም ቆመ። ቫዝሊን እንዳታስጠጉ አለን፤ ከነዳጅ ዘር ስለሆነ ጎማውን ያበላሸዋል። በረኪናም እንደዚያው።

ባዶ ታንከር ሙሉ ነው እያለ የሚዋሸው መለኪያችንም አልተበላሸም። የውስጥ ግድግዳው ላይ ያሉት መለኪያዎች ሶፍት ተጣብቆባቸው ነው። በውሃ አጥቦ አስለቀቀው።

ደግሞ ያስተምራል፣ እኔ በጣም የወደድኩለት ይሄን ነው። ካምፕ ላይ ከፍሳሽ መስመር ጋር ብትገናኙም የጥቁሩን ታንከር ቫልቭ ከፍታችሁ እንዳትተዉት ይላል፤ ፈሳሹ ይሄድና ደረቁ እዚያው ተከምሮ ይጠጥራል፣ ያንን ማስለቀቅ ደግሞ ለጠላትም አይመኙት። ሁለት ሦስተኛ ያህል ሲሞላ ነው የሚደፋው፤ ውሃው በኃይል ጠርጎት እንዲወጣ። መጀመሪያ ጥቁሩ፣ ቀጥሎ ግራጫው፣ የሳሙናው ውሃ የመድፊያውን ቱቦ አጥቦት ይሄዳል። ዋይፕስ «ይሟሟል» ተብሎ ቢጻፍበትም አይጣልም። ሶፍታችሁን ከተጠራጠራችሁ ውሃ ያለበት ማሰሮ ውስጥ ጨምራችሁ ነቅንቁት፤ ካልተበታተነ ታንከር ውስጥም አይበታተንም። ፎርማልዴሃይድ ያለበት ኬሚካል ደግሞ ሴፕቲክ ታንክ ያለበት ቦታ አይደፋም፤ ቆሻሻውን የሚበሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል። የመጠጥ ውሃ መሙያውንና የፍሳሽ ማጠቢያውን ጎማ አንድ ሳጥን ውስጥ ካየ ደግሞ አይምራችሁም፣ ልክ ነው።

ስልኩን እዚህ አልለጥፍም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄው እሰጣችኋለሁ። ቀጠሮ ላይ ትንሽ ይዘገያል፣ አልደብቃችሁም። ሥራ ላይ ስልክ ስለማያነሳ መልእክት ላኩለት። ደግሞ ከመምጣቱ በፊት ታንከሩን ደፍታችሁ ጠብቁት፤ ሙሉ ታንከር ላይ አልሠራም ብሎ ተመልሶ ይሄዳል።