«ሙሉ ቅጂ» የተባለ የፊልም ሙዚቃ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

የፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ የምትሰበስቡ ሁሉ፣ ገንዘባችሁን ጠብቁ። «ሙሉ ቅጂ»፣ «ውስን እትም»፣ «ከገበያ የጠፋ» እየተባለ በውድ በሚቸበቸበው ሲዲ መሃል ፎርጅድ ገብቷል። ቤት ውስጥ በኮምፒውተር የተቀዳ ዲስክ በሚያምር ሳጥን ውስጥ ይከተታል፤ ከዚያ የኦሪጅናሉ ዋጋ ይጠየቅበታል። እኔም ደርሶኛል። ገንዘቤ በስንት ጭቅጭቅ ተመልሷል፤ ሻጩ ግን በዚያው ፎቶ መሸጡን ቀጥሏል። የምጽፈው ሌላ ሰው እንዳይሸወድ ነው።

ዕቃው ሃዋርድ ሾር ለዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ሦስተኛ ክፍል የሠራው ሙዚቃ ነው። በ2004 ኦስካር ያገኘበት ሥራ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ፊልሙ ሲወጣ አብሮት የታተመው አልበም አንድ ሲዲ ብቻ ነበር። ስለዚህ ብዙው ሙዚቃ ውጭ ቀረ። ሙሉው የታተመው በ2007 ነው፤ አራት ሲዲና አንድ ዲቪዲ፣ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚሄድ ሙዚቃ። እዚያ ተቆራርጦ የተቀጣጠለው እዚህ ቦታ ቦታውን ይዟል። አንድ ዜማ በመጀመሪያው ፊልም በቀስታ ተነሥቶ በሦስተኛው እንዴት ጎልምሶ እንደሚመጣ የሚሰማው በዚህ ቅጂ ነው። ሰው ብዙ ገንዘብ ቢያወጣበት አልፈርድም።

ችግሩ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ፍቅራችንን ሻጮቹ ያውቁታል። አልበሙ ከገበያ ሲጠፋ ዋጋው ሰማይ ነካ፤ በመቶዎች ዶላር ይጠሩበት ጀመር። ፎርጅድ የሚሠራውም እንዲህ ላለው ዕቃ ነው። በ20 ዶላር የሚገኝ ሲዲ ማን ብሎ ይኮርጃል?

አዲስ አበባ ሆኖ እንዲህ ያለ ዕቃ መግዛት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ውጭ ያለ ዘመድ ያስፈልጋል። እሱ ይገዛል፣ ቤቱ ያስቀምጣል፣ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ሲገኝ በሻንጣ ይልካል። ለእኔም ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት የገዛችልኝ። ሻጩ 190 ዶላር ነው ያለው። ፎቶዎቹ ንጹሕ ነበሩ፣ ሳጥኑም መጽሐፉም ዲስኮቹም በደንብ ይታያሉ። ፎቶዎቹ የኦሪጅናል ዕቃ ፎቶዎች ናቸው። የተላከው ሌላ ነው።

ሳጥኑ ከሩቅ ሲታይ ምንም እንከን አይወጣለትም። ቀረብ ሲሉ ግን ይለያል። በጎኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ነው። የአሳታሚው ምልክት ዳር ዳሩ ደብዝዟል፤ ከታተመ ወረቀት ላይ ስካን ተደርጎ እንደገና የታተመ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ትንንሾቹ ፊደሎች፣ በተለይ የሙዚቀኞቹ ስም ያለበት ገጽ፣ ቀለማቸው ተፋስሶ እርስ በርስ ተያይዘዋል። ዲስኩን ገልበጥ ሳደርገው ነገሩ ለየለት። ፋብሪካ የተመታ ሲዲ ከሥሩ ብርማ ነው። ይሄኛው ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ቀለም አለው፤ ባዶ ዲስክ ገዝተን ዘፈን የምንቀዳበት ዓይነት። መሃል ቀዳዳው ዙሪያ ያለው ቀለበትም ምንም አልተጻፈበትም። ዲቪዲው ደግሞ ከነጭራሹ የለም።

ስለዚያ ቀለበት ትንሽ ልንገራችሁ፤ ፎርጅድን ለመለየት ከእሱ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። ፋብሪካ ውስጥ የተመታ ሲዲ በውስጠኛው ቀለበት ላይ የፊደልና የቁጥር ድርድር ይኖረዋል። ዲስኩን መብራት ሥር ዘንበል አድርጋችሁ ስታዩት ይነበባል። ከ1994 ወዲህ ደግሞ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች «አይኤፍፒአይ» (IFPI) ከሚሉ አራት የላቲን ፊደሎች ጋር አንድ ኮድ ያስገባሉ። ከዚያ በፊት የታተመ ሲዲ ኮዱ ባይኖረው አትደንግጡ፤ የዘመኑ ነው። በ2007 ታተመ የተባለ ዲስክ ቀለበቱ ባዶ ከሆነ ግን ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ዲስኮግስ በሚባለው የአልበም መዝገብ ድረ ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ እትም ሰዎች ይህን ድርድር መዝግበው አስቀምጠውታል። ሻጩን «የዲስኩን ሥር፣ ቀለበቱ እንዲነበብ አድርገህ ፎቶ አንሣልኝ» በሉትና ከዚያ ጋር አስተያዩት። እውነተኛ ሻጭ በደቂቃ ውስጥ ይልካል። ሰበብ የሚያበዛውን እዚያው ተዉት።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ እሱ ደግሞ ማጭበርበር እንኳ አይባልም። ይህ አልበም በ2018 እንደገና ታትሟል። ሲዲዎቹ ከብሉሬይ ጋር ሆነው በአዲስ ሳጥን ወጡ። አሮጌውን በመቶዎች ዶላር የገዙ ሰዎች ያን ዕለት ምን እንደተሰማቸው አስቡት። የፊልም ሙዚቃ ገበያ ጠባዩ ይኸው ነው። የጠፋው ተመልሶ ይመጣል፤ አንዳንዴም ከበፊቱ ተሻሽሎ። የጁራሲክ ፓርክን ሙዚቃ እዩ። የመጀመሪያው አልበም በ1993 ወጣ። ፊልሙ 20 ዓመት ሲሞላው በ2013 ተጨማሪ ሙዚቃ ያለበት ዲጂታል እትም መጣ። በ2016 ደግሞ ላላ ላንድ ሬከርድስ የተባለው አሳታሚ ከሁለተኛው ፊልም ሙዚቃ ጋር በአራት ሲዲ አሳተመው። ስለዚህ «ዛሬ ካልገዛህ ለዘላለም አታገኘውም» የሚላችሁን ሻጭ አትመኑት። የችኮላው ጥቅም የእሱ ነው።

ውስን እትም የሚያወጡ ታማኝ አሳታሚዎች አሉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ላላ ላንድና ኢንትራዳ፣ ማድሪድ ደግሞ ኳርቴት። በቀጥታ ከእነሱ ሲገዛ ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 35 ዶላር ነው። በጥቂት ሺህ ቅጂ ስለሚያትሙ ቶሎ ያልቃል፣ እውነት ነው። ግን ከማለቁ በፊት የሚገዛበት ጊዜ አለ፤ የሚያሳትሙትንም አስቀድመው ያሳውቃሉ። እነሱን መከታተል አየር ባየር ሻጭን ከመከተል ይሻላል።

ከፎርጅዱ ወጣ ስንል ደግሞ ሕጋዊ ሆኖ ሰውን የሚያሳስት ነገር አለ። አንድ ፊልም ሁለትና ሦስት አልበም ይዞ ይወጣል። የመጀመሪያው ብላክ ፓንተር በ2018 ሲወጣ ኬንድሪክ ላማር ያሰናዳው የዘፈን አልበም ነበረው፤ ለብቻው ደግሞ ሉድቪግ ዮራንሰን የደረሰው ማጀቢያ ወጣ። በ2019 ኦስካር የወሰደው የዮራንሰኑ ነው። ዘፋኙ ባባ ማል ድምፁን ያሰማበት፣ ታማ የሚባለው የሴኔጋል ከበሮ የሚናገርበት ያ ነው። የላማር አልበም ጥሩ ነው፣ ክፉ አይወጣኝም። ግን ፊልሙን አይቶ በዚያ ከበሮ ለተማረከ ሰው እሱን ልኮ «ይኸው የጠየቅከው» ማለት ደግ አይደለም። በ2025 የወጣው የሲነርስ ሙዚቃም እንደዚሁ ነው፤ የዘፈኖቹ አልበም ለብቻ፣ ማጀቢያው ለብቻ። ሽፋናቸው ስለሚቀራረብ ውጭ ላለ ዘመዳችሁ የፊልሙን ስም ብቻ አትንገሩት። «ስኮር» (ማጀቢያው) ነው ወይስ «ሳውንድትራክ» (ብዙ ጊዜ የዘፈኖቹ አልበም) የሚለውን ጨምሩበት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሙዚቃ ደራሲውን ስም።

ዱን የተባለው ፊልም ከዚህም ይብሳል። በ2021 ሃንስ ዚመር ለመጀመሪያው ክፍል ሦስት አልበም ነው ያወጣው። መስከረም ላይ መጀመሪያ ዘ ዱን ስኬችቡክ መጣ። እሱ ፊልሙ ላይ ያለው ሙዚቃ አይደለም፤ ዚመር ሐሳቡን ሲያብላላ የሠራቸው ረጃጅም ሙከራዎች ናቸው። ከዚያ ዋናው የፊልሙ አልበም ወጣ። ጥቅምት ላይ ደግሞ ስለ ፊልሙ ሥራ ከታተመ መጽሐፍ ጋር የሚሄድ ሦስተኛ ተጨመረ። እኔ ስኬችቡኩን ከሦስቱም አብልጬ እወደዋለሁ። ሙዚቃው የትም አይቸኩልም፣ ሴቷ ድምፅ ለደቂቃዎች ብቻዋን ትሄዳለች። በ2022 ኦስካር ያገኘውን የፊልሙን ሙዚቃ ሰማሁት ብሎ ዕንባው የመጣ ሰው ግን ስኬችቡኩ ቢደርሰው ግራ ይገባዋል። ሻጮች ሦስቱን አንድ ላይ «ሙሉው ዱን» ብለው ሲያቀርቡ አይቻለሁ። ሦስቱ ተደምረው የፊልሙ ሙሉ ሙዚቃ አይሆኑም።

ወደ እኛው ልምጣ። ብሮክን ፍላወርስ የተባለው ፊልም በ2005 ሲወጣ ሙላቱ አስታጥቄን ያልሰማ የውጭ ሰው ሰማው። ዛሬም ያን ሳውንድትራክ «የሙላቱ አልበም» ብለው በውድ የሚሸጡ አሉ። አልበሙ የብዙ ሰው ነው፤ ማርቪን ጌይም አለበት። የከርሞ ሰውና የግሌ ትዝታን ፈልጋችሁ ከሆነ ኤትዮፒክስ ከተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ አልበም ቁጥር 4ን ግዙ። ፊልሙ ከመሠራቱ በፊት በ1998 የወጣ ነው፤ ሁለቱም አሉበት፣ ከዳር እስከ ዳርም የእሱው ሙዚቃ ነው። የ1972ቱ ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ ሸክላ ላይ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ስትራት የተባለው አሳታሚ በ2017 በሚገባ እንደገና አሳትሞታል፣ ድምፁም የሚያረካ ነው። የ2017ቱን በ1972ቱ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ መልሱ አጭር ይሁን።

ሸክላ ካነሣን አይቀር፣ አንድ የሸክላ ፊት በጥሩ ድምፅ የሚይዘው 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ከ70 ደቂቃ በላይ የሆነ ማጀቢያ በአንድ ሸክላ ሲሸጥ ወይ ተቆርጧል ወይ ተጨናንቆ ድምፁ ሳስቷል። ፊቱ ላይ የፊልሙ ሥዕል የታተመበት ሸክላ ደግሞ ለግድግዳ ያምራል፤ ሲጫወት ግን ከተራው ጥቁር ሸክላ ይልቅ ይንሾካሾካል። ማጀቢያ ውስጥ ጸጥ ያለ ቦታ ብዙ ስለሆነ ያ ድምፅ ጎልቶ ይሰማል።

ዲጂታል የምትገዙም አታምልጡ። የደራሲው ስም በትልቁ ተጽፎ፣ ሙዚቃውን የተጫወተው ግን ስም የለሽ ቡድን የሆነበት አልበም ሞልቷል። የፊልሙ ቅጂ አይደለም፤ በኪቦርድ እንደገና የተሠራ ነው። ኦርኬስትራውን አንብቡ። የሾርን ሙዚቃ በአብዛኛው የተጫወተው የለንደን ፊልሃርሞኒክ ነው። የ1977ቱ ስታር ዋርስ የለንደን ሲምፎኒ ነው። እንደ ፕራግ ፊልሃርሞኒክ ስማቸውን በግልጽ ጽፈው እንደገና የሚጫወቱ አሉ፤ እነሱን አከብራለሁ፣ ሰው የሚገዛውን አውቆ ይገዛል። የተጫዋቹ ስም ከሌለ ግን ገንዘባችሁን አስቀምጡ።

አሁን ስለ ክፍያው። ሻጩ በኢንተርኔት መክፈያው በፔይፓል «ለቤተሰብና ለወዳጅ» በሚለው መንገድ ላክልኝ፣ ዋጋ እቀንስልሃለሁ ካለ ንግግሩን እዚያው አቁሙ። በዚያ መንገድ የተከፈለ ገንዘብ የገዢ ዋስትና የለውም። በዕቃ ግዢ መንገድ ከተከፈለ ግን ለአቤቱታ 180 ቀን አላችሁ። ኢቤይ በሚባለው የመሸጫ ድረ ገጽ ላይ የሚሰጠው ጊዜ ዕቃው ከደረሰ 30 ቀን ነው። ለእኛ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ዕቃው ዘመድ ቤት ተቀምጦ መንገደኛ ሲጠብቅ 30 ቀኑ ሳናውቀው ያልፋል። ስለዚህ ዘመዳችሁን አደራ በሉ። ጥቅሉ በደረሰበት ቀን ይክፈተው፣ ሲዲውን ገልብጦ ያሳያችሁ፣ የቀለበቱን ፎቶ በቴሌግራም ይላክ። ለስጦታ ነው ብሎ ሳይከፍት እንዳያስቀምጠው።

የእኔን ጉዳይ ያዳነው 180 ቀኑ ነው። የአክስቴ ልጅ የባዶውን ቀለበት ፎቶ፣ የጎደለውን ዲቪዲና የማስታወቂያውን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋ አቤት አለች። ሻጩ መጀመሪያ «ሌላ አገር የታተመ እትም ነው» አለ። ቀጥሎ አቤቱታውን ብትተዪ ግማሹን እመልሳለሁ አለ። እሷ እምቢ አለች፣ ጎበዝ ናት። ሙሉው ተመለሰ። ከእሱ ወይም እንደ እሱ ካለ ሻጭ በቅርቡ የገዛችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ዲስኩን አውጥታችሁ ገልብጡት። ቀለሙ ወይን ጠጅ፣ ቀለበቱ ባዶ ከሆነ ከማንም ጋር ሳትከራከሩ ፎቶ አንሡና የከፈላችሁበትን ቀን ቁጠሩ። 180 ቀን ካልሞላው አቤቱታውን ዛሬ አስገቡ፤ ግማሽ ልመልስላችሁ ቢላችሁም አትቀበሉ።