ለአሮጌ የጀልባ ሞተር ካቦ፦ ማደስ፣ ኮፒ ወይስ ኦርጅናል?

አሮጌ የጀልባ ሞተር ያላቸው ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «መሪው ደርቋል፣ ማርሹም አልገባ ብሏል። ካቦውን ላሳድስ፣ ርካሹን ልግዛ ወይስ ውዱን?» ካቦ ማለት ከመሪው ወይም ከማርሹ ማንሻ ተነሥቶ ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው በሽፋን ውስጥ ያለ ገመድ ነው። መልሴን አላዘገይም። ውዱን ግዙ፤ የታወቀ አምራች የሠራውን፣ አዲሱን። ይህን የምለውም ለኪሳችሁ አስቤ ነው።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ጥፋቱ የካቦው መሆኑን አረጋግጡ። ሞተሩን አጥፉ። ካቦውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ክንድ ፍቱና ሞተሩን በእጃችሁ ግራና ቀኝ አዙሩት። እንደ ልብ ከዞረ ችግሩ ከካቦው ወይም ከመሪው በኩል ነው። ሞተሩ ራሱ ከከበደ ግን የሚዞርበት ምሰሶ ግሪሱ ደርቋል። በግሪስ መጨመሪያው አዲስ እየገፋችሁ ወዲያ ወዲህ ስታዞሩት ብዙ ጊዜ ይለቃል። ወጪው ግሪስ ብቻ ነው። ይህን ሳይሞክር ካቦ የሚገዛ ሰው ያሳዝነኛል።

ጀልባው እየሄደ ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነም ካቦ አያድነውም። ከፕሮፔለሩ በላይ ትንሽ ክንፍ አለች። ወደ ቀኝ የሚስብ ከሆነ ብሎኗን አላሉና የኋላ ጫፏን በትንሹ ወደ ቀኝ አዙሩ። ነፃ ነው።

ካቦው ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ማደስ ነው። የመሪ ካቦ ውስጡ ከፋብሪካ ታሽጎ ነው የሚመጣው። ከውጭ ግሪስ ቢገፉበት እስከ መሀል አይደርስም። «አደስኩት» የሚላችሁ መካኒክ በአብዛኛው ያጸዳው ጫፉ ላይ ያለውን ዘንግ ነው። ዘንጉ ሞተሩ ላይ በሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ ዝጎ ብቻ ከሆነ ይሄ በቂ ነው። ለማወቅ ዘንጉን ከቱቦው አውጡና መሪውን አዙሩ። አሁንም ከከበደ ካቦው ውስጡ ዝጓል ማለት ነው፤ ዛሬ ቢላላ ነገ ይይዛል። ለእንዲህ ያለ ካቦ የእጅ ዋጋ መክፈል ገንዘብ መጣል ነው።

ኮፒው ዋጋው ያጓጓል። ሲታይም ከኦርጅናሉ አይለይም። አንድ ወዳጄ የገዛው ኮፒ ዘንጉ እስቴንለስ ተብሎ የተሸጠ ተራ ብረት ነበር። ላዩ የተቀባው ነገር ተልጦ ቱቦው ውስጥ ዛገና ተጣበቀ። በመዶሻም በሙቀትም እምቢ ስላለ ሞተሩን ከጀልባው ማውረድ ግድ ሆነ። ቱቦውም አብሮ ተበላሸ። እንግዲህ አስሉት። ኮፒው የኦርጅናሉን ግማሽ ቢያስከፍል እንኳ ሁለት ጊዜ ስትገዙት እኩል መጣ። የመካኒኩ እጅ ሁለት ጊዜ ነው፣ ቱቦው ተጨማሪ ነው። ርካሹ የቱ ጋ ነው?

ስትገዙ የካቦውን ሽፋን አንብቡ። ደህና ካቦ የአምራቹ ስም፣ ቁጥሩና ርዝመቱ ታትሞበታል። ካቦውን ከቱቦው ጋር የሚያስረውን ዳዶ ጥርስ በጣታችሁ ዳስሱ፤ ሸካራና የተቆራረጠ ከሆነ የቱቦውን ጥርስ ይበላዋል። ርዝመቱ ከአሮጌው ጋር እኩል ይሁን። አጭሩ ይወጠራል፣ ረጅሙ ይታጠፋል፤ በጠባቡ የታጠፈ ካቦ ደግሞ አዲስም ቢሆን ይከብዳል። ከተገጠመ በኋላ ግሪስ የምትጨምሩት ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ወደ ቱቦው ገብቶ ሳለ ነው። ወጥቶ ሳለ ከሞላችሁት ግሪሱ መንገድ ዘግቶ መሪውን ሊቆልፈው ይችላል።

የሃይድሮሊክ መሪስ? ለስላሳ ነው፤ ለትልቅ ሞተር ይገባዋል። ለአሮጌ ትንሽ ሞተር ግን ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሊፎካከር ስለሚችል አልመክርም።

ለማርሽ ካቦም ፍርዴ ያው ነው፤ ፍተሻው ግን ይለያል። ቁልፉን ንቀሉ፣ የሻማ ሽቦዎቹንም አውጡ። ካቦውን ከሞተሩ በኩል ፍቱና ፕሮፔለሩን በእጅ እያዞራችሁ ማርሹን ራሱን አንቀሳቅሱት። ፕሮፔለሩ ካልዞረ ጥርሶቹ ላይገጥሙ ስለሚችሉ ደህናውም ማርሽ እምቢ ሊል ይችላል። በእጅ እየገባ በማንሻው ካልገባ ካቦው ነው። እሱንም ቢሆን ከመግዛታችሁ በፊት ጫፉ ላይ ያለውን ማስተካከያ ሞክሩ፤ በጥቂት ዙር የሚስተካከል አለ።

ማርሹ ሲገባ በኃይል የሚመታ ከሆነ ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳይጨመርበት ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ በዝቶ ይሆናል። ሲገባ የሚንገራገጭ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚነዳው ሰው ነው። ማርሹ በሚኒሞ ላይ፣ ሳያንገራግሩ ባንዴ ነው የሚገባው። ቀስ ብሎ ማስገባት ጥርሶቹን ይበላቸዋል። ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው ካልሄደ ፕሮፔለሩ መሀል ያለው ጎማ ተንሸራቶ ሊሆን ይችላል። ከመሀል ቀለበቱ እስከ ክንፎቹ መስመር አስምሩና ነድታችሁ ተመልከቱ። መስመሩ ከተቆረጠ ጎማው ነው፤ የማርሹን ቤት፣ ካምቢዮውን፣ አታስፈቱ።

ጭነት ሲበዛበት ማርሹ እየዘለለ የሚወጣ ከሆነና ማስተካከያው ካልፈታው ጥርሶቹ ተበልተዋል። እዚህ ላይ ምንም ካቦ አይጠቅምም። የካምቢዮ ዘይቱን አፍስሱ። ነጭ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል። የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ማግኔት ላይ ያለ ደቃቅ የብረት ብናኝ አያሳስብ፤ ስባሪ ከወጣ ግን የካቦውን ገንዘብ ለካምቢዮው አስቀምጡ። ያገለገለ ካምቢዮ ከገዛችሁም ዘይቱ ፊታችሁ ሳይፈስ አትክፈሉ። ሻጩ «አሁን ነው የቀየርኩት» ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ፤ አዲስ ዘይት የድሮውን ብልሽት ይደብቃል።