ገደቡን ሳላነብ የተጠቀምኩበት ኖርሶክ ኤም-506

አቡ ዳቢ ውስጥ የጋዝ ቱቦ ውፍረት እየለካሁ ነው እንጀራዬን የምበላው። ብረት በዝገት በዓመት ስንት እንደሚበላ ቀድሞ የሚገምት ነገር ካለ መሞከሬ አይቀርም።

ኖርሶክ ኤም-506 ኖርዌጂያኖች ያወጡት የስሌት ደረጃ ነው። የያዝኩት እ.ኤ.አ. የ2005ቱን እትም ነው። ሙቀቱን፣ ግፊቱን፣ የካርቦን ዳይኦክሳይዱን መጠን፣ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን)፣ ፍሰቱ የቱቦውን ግድግዳ የሚፈትግበትን ኃይል ትሰጡታላችሁ። እሱ ብረቱ በዓመት ስንት ሚሊሜትር እንደሚበላ ይነግራችኋል። በቃ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ላለበት እርጥብ ጋዝ ወድጄዋለሁ። ፒኤቹን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ቁጥሩ ሲወርድ ማየት ራሱ ትምህርት ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። የሳወር ጋዝ (ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያለበት ጋዝ) መስመር መረጃ አስገባሁበት፦ 100 ባር፣ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ 10 በመቶ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ። ስሌቱ ሰልፋይዱን ከቁጥር አያስገባውም። ካርቦኑን ብቻ ይዞ አስፈሪ ቁጥር አወጣ። ደንግጬ ሪፖርት ልጽፍ ስል አለቃዬ፣ «ገደቡን አንብበሃል?» አለኝ።

የት አንብቤ! የሰልፋይዱ ከፊል ግፊት (ከጠቅላላው ግፊት የእሱ ድርሻ) ከ0.5 ባር ካለፈ ስሌቱ አይሠራም ይላል። ካርቦኑም ከሰልፋይዱ ቢያንስ 20 እጥፍ መሆን አለበት። የእኔ ሰልፋይድ 10 ባር፣ ካርቦኑ 5። አፈርኩ።

ከዚያ ኩፖኗን አሳየኝ። መዝነን ቱቦው ውስጥ የምናስቀምጣት ቁራጭ ብረት ናት። እንደ ጥቀርሻ የጠቆረ ቅርፊት ለብሳለች፤ ብረት ሰልፋይድ ነው። ቅርፊቱ እስካልተላጠ ድረስ ብረቱን ይከልላል፤ ክብደቷም ብዙ አልቀነሰም። ስትጸዳ ግን ሁለት ጉድጓድ አላት፣ በመርፌ የተወጋች ይመስል። ጨዋማ ውሃ ወይም የሰልፈር ዝቃጭ ሲኖር ዝገቱ እንዲህ አንድ ቦታ ላይ መብሳት ይወዳል። አማካይ ሚሊሜትር ስለ ጉድጓዱ ምንም አይልም።

ሳይሳሳ በድንገት የሚሰነጠቅ ብረትም አለ። ያ የሌላ ደረጃ ሥራ ነው፤ አይኤስኦ 15156 ገና ከ0.3 ኪሎ ፓስካል (0.003 ባር) ሰልፋይድ ጀምሮ ስለ ብረቱ ጥንካሬ ይጠይቃል።

እንግዲህ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት የፍትጊያውን ኃይል ለማስላት የሚፈልጋቸውን ቁጥሮች መስክ ላይ ማግኘት ስለሚያንገላታ ነው። ለሳወር ጋዝ ምንም። እዚያ እኛ ኩፖን እናስቀምጣለን፣ በአልትራሳውንድ እንለካለን። ሐምሌ ላይ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው የምንወጣው፤ ፀሐይ ከወጣች ቱቦውን በእጅ መንካት አይቻልም።