የእማዬ የጉበት ናሙና አሥራ ስድስት ቀን መደርደሪያ ላይ

ከቨርጂኒያ ደሴ የመጣሁት ለሦስት ሳምንት ነበር። አምስት ሳምንት ቆየሁ። ያቆየኝ ከእማ ጉበት የተወሰደ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር የምትሆን ከክብሪት እንጨት የቀጠነች ናሙና ነው።

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ቤት ስገባ እማ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ ጠበቀኝ። ጎረቤት "የወፍ በሽታ ነው" ብሎ ቅጠል ያጠጣታል። እሱን አስጥዬ በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሄፓታይተስ ቢም ሲም የለባትም። ሐኪሙ ቦርከና ወንዝ ዳር አድጋ እንደሆነ ጠየቃት፤ ከወንዝ ውኃ የሚይዘው ቢልሃርዝያም ጉበት ይጎዳል። በመጨረሻ "እማማ፣ የራስዎ የሰውነት መከላከያ ጉበትዎን እያጠቃው ይመስለኛል። እርግጠኛ ለመሆን ከጉበትዎ ትንሽ ወስደን እንይ" አላት።

እኔም ከሁለት ዓመት በፊት ቨርጂኒያ ውስጥ ባዮፕሲ ማለትም ይኸው ከጉበት ናሙና የመውሰድ ሥራ ተሠርቶልኛል። አስተኝተውኝ፣ ጫፉ ላይ አልትራሳውንድ ያለው የኢንዶስኮፒ ቱቦ በአፌ አስገቡ። ጉበት የጨጓራ ጎረቤት ነው። የግራውን ክፍል ከጨጓራ፣ የቀኙን ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ሆነው፣ በስክሪን እያዩ በመርፌ ይወስዳሉ። ሆዴ ላይ ምንም ቀዳዳ የለም። ጉሮሮዬን ትንሽ ከረከረኝ እንጂ የዚያኑ ዕለት ቤቴ ገባሁ። ውጤቴንም በአምስተኛው ቀን ስልኬ ላይ አነበብኩ።

እና ሐኪሙን "እንደዚያ አይሆንም ወይ?" አልኩት። አልተቆጣም። "ያ እዚህ የለንም፣ ወንድሜ። በጎድን አጥንት መሀል የሚወሰደው ግን አሁንም በዓለም ሁሉ ይሠራበታል። ያንተ ዓይነቱ የሚመረጠው በተለይ ኢንዶስኮፒው ለሌላም ነገር ሲያስፈልግ ነው። ለእማማ ይኼ ይበቃል። ዋናው ደማቸው በደንብ መርጋቱ ነው" ብሎ የፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዳው የደም ክፍል) እና የደም መርጋት ምርመራ አዘዘ። ውጤቱ ደህና ነበር።

ሥራው ራሱ አምስት ደቂቃም አልፈጀ። አደነዘዟት፣ "ትንፋሽ ይያዙ" አሏት፣ አለቀ። ከዚያ በቀኝ ጎኗ አራት ሰዓት ተኛች። ነርሷ በየ15 ደቂቃው ግፊቷን እየለካች ከጎኗ አልጠፋችም። ሲያበቃ ከራሷ ፔርሙዝ ሻይ ቀድታ ሰጠቻት። ብር ላስጨብጣት ስል እጇን ሸሸገች። እማም "አብሽር፣ የጉንዳን ንክሻ አትሆንም" ብላ እኔን ታጽናናለች። እዚህ ድረስ እንደ አገሬ ሐኪሞች ያለ የለም ብዬ ነበር።

ናሙናውን ግን አዲስ አበባ ልኮ የሚያስነብብ የግል ላቦራቶሪ ተቀበለን። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ዋጋ 2 ሺህ 500 ብር ነው። ልጅቷ "ከውጭ ነው የመጡት?" አለችኝ። አዎ አልኳት። 7 ሺህ ጠየቀችኝ። "አስቸኳይ" እና "ትራንስፖርት" ነው አለች። ለእማ ነው ብዬ ከፈልኩ። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ግን 2 ሺህ 500 ነበር። ያኔ ነበር መጮህ የነበረብኝ።

በሰባት ቀን ይደርሳል ተባልኩ። በሰባተኛው ቀን "ነገ"። በአሥረኛው "ሲስተም የለም"። በአሥራ ሁለተኛው "ዶክተሩ አልገባም"። ሐኪማችን ያለ ውጤት ፕሬድኒሶሎን፣ የሰውነት መከላከያን የሚያበርደውን መድኃኒት፣ መጀመር አልፈለገም። እማ ሌሊት ሌሊት ሰውነቷን እያከከች አትተኛም። ሐይቅ ወስጃት አሳ ልንበላ ነበር ሐሳባችን። ከቤት አልወጣንም።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ሄጄ ከልጅቷ ጀርባ ያለውን መደርደሪያ አየሁ። ከቡና ስኒ አጠገብ የእማ ጠርሙስ ቁጭ ብሏል። ስሟ፣ ቀኑ፣ የነርሷ የእጅ ጽሑፍ። ያቺ እንደ ቀጭን ነጭ ክር ያለች ናሙና ፎርማሊኑ ውስጥ ተጣጥፋ ትታያለች። ከደሴ አልወጣችም! እጄ ተንቀጠቀጠ። ፎርማሊን እንዳትበሰብስ ይጠብቃታል፤ ነገር ግን ብዙ ስትቆይ አንዳንድ ልዩ ምርመራዎች ሊበላሹ ይችላሉ። ኃላፊው "ተሳስተን ነው" አለኝ። አሥራ ስድስት ቀን ሙሉ መሳሳት!

ጠርሙሱን ተቀብዬ በነጋታው ሌሊት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ጣርማ በርን ስናልፍ ጭኔ ላይ አቅፌው ነበር። አዲስ አበባ ላይ በአራት ቀን ተነበበ። ሐኪማችን የጠረጠረው ሆነ፣ አውቶኢሚዩን ሄፓታይተስ። መድኃኒት ያለው በሽታ ነው።

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ቤተሰብ የምታሳክሙ ሁሉ፣ ናሙና ስትሰጡ የት እንደሚነበብና በየትኛው ቀን እንደሚላክ አጽፉ። የከፈላችሁት በሙሉ ደረሰኝ ላይ ይስፈር። ከተቻለ ራሳችሁ ወይም ዘመድ ይዞ ይሂድ። ስላይዱንና (ናሙናው ተቆርጦ የተለጠፈበትን መስታወት) ብሎኩንም (ናሙናው የተቀበረበትን ሰም) ተቀብላችሁ አስቀምጡ፤ ሌላ ሐኪም ማየት ቢፈልግ እማን ዳግመኛ መውጋት አያስፈልግም። ደግሞ እንደኔ በመርፌው ዓይነት አትጨነቁ። ደሴ ላይ መርፌውን የያዘው ሰው እጁ የታመነ ነው።

እማ መድኃኒቷን ከጀመረች ወር ሆናት። ዓይኗን ቢጫ ያደረገው ቢሊሩቢን ከግማሽ በታች ወርዷል። ትናንት በቪዲዮ ዓይኗን ወደ ስልኩ አስጠግታ አሳየችኝ። 4 ሺህ 500 ብሩ ግን እስካሁን አልተመለሰም።