የተላጠ ክሮም ላይ የተለጠፈ ስቲከር፦ ከጥቅምት እስከ ሐምሌ ያየሁት

ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልንገራችሁ። የመኪናችሁ ክሮም ተላጦ ላዩ ላይ የሚለጠፍ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ የክሮም ስቲከር ለመግዛት ካሰባችሁ የመኪናው በር ላይ ላለው ቀጥ ያለ የክሮም መስመር ግዙት። ለፊት ግሪል (ከመኪናው አፍንጫ ላይ ላለው ፍርግርግ) ግን ገንዘባችሁን አታውጡ። እኔ ጥቅምት ላይ ሁለቱም ቦታ ለጠፍኩት። አሁን ሐምሌ ነው። የበሩን ያየ ሁሉ አዲስ ገዛህ ወይ ይለኛል፤ የግሪሉን ግን ግንቦት ላይ በእጄ ልጬ ጣልኩት።

መኪናዬ የቆየች ኮሮላ ናት፤ ደሴ አድራ ኮምቦልቻ ትውላለች። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የሐረጎን ቁልቁለት ስትጨርስ 600 ሜትር ያህል ወርዳለች። ጠዋት ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ብርድ፣ ቀን ኮምቦልቻ ላይ የሚያቃጥል ፀሐይ፣ ማታ ደግሞ ጉም። ለክሮም ከዚህ የከፋ ፈተና የለም፤ ለምን እንደሆነ ትንሽ ላብራራ፣ ምክንያቱም ይሄን ያልገባው ሰው የማይሆን ነገር ሲገዛ ነው የሚኖረው።

እነዚህ መኪና ላይ ያሉ የሚያብረቀርቁ ነገሮች ብረት አይደሉም። አብዛኞቹ ኤቢኤስ የሚባል ፕላስቲክ ናቸው። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ክሮም እንዲሁ አይይዘውም፤ ስለዚህ ፋብሪካው በአሲድ ጥቃቅን ቀዳዳ ያበጅለታል፣ በኬሚካል ስስ ብረት ያስይዘዋል፣ ከዚያ በኤሌክትሪክ መዳብ፣ ቀጥሎ ኒኬል፣ መጨረሻ ላይ ክሮም ይደረብበታል። ከላይ ያለው ክሮም ከአንድ ማይክሮን በታች ነው። የሰው ፀጉር እንኳ 70 ማይክሮን ያህል ውፍረት አለው። ፕላስቲኩ ሙቀት ሲነካው ከላዩ ካለው ብረት በብዙ እጥፍ ይለጠጣል፣ ሲበርደው ይሰበሰባል። ይሄ በየቀኑ ሲደጋገም ብረቱ ይሰነጠቃል፣ ውሃ ይገባል፣ ይነፋል፣ ከዚያ ይላጣል። ስለዚህ የተላጠን ክሮም በብራሶ ወይም በብረት ሱፍ አሽቶ የሚመልስ የለም። ያለችውንም ታስለቅቃላችሁ።

መልሶ ማስነከር ይቻላል፣ ግን አሮጌውን ሙሉ በሙሉ ገፎ ከገንዳ ገንዳ ማዘዋወር ስለሚፈልግ ለአሮጌ መኪና መስመር አያዋጣም። ክሮም ተብሎ የሚሸጠው ስፕሬይም አለ። ቆርቆሮው ክዳን ላይ የምታዩት መስታወት እቃው ላይ አይመጣም። ብርማ ቀለም ነው የሚሆነው፤ ለመከላከያ ቫርኒሽ ስትደርቡበት ደግሞ ይብሱን ይደበዝዛል።

ስቲከሩ በእርግጥ ያበራል። መስታወት ነው። ግን ከሥሩ ያለውን ሁሉ ያሳብቃል፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ብትቀር ከሩቅ ትታያለች። ስለዚህ ሥራው ያለው ዝግጅቱ ላይ ነው። የተነሳው ክሮም ጠርዝ እንደ ምላጭ ይቆርጣል፣ የቆዳ ጓንት ሳታደርጉ እንዳትነኩት። የላላውን ሁሉ አንሱት፣ ጠበቅ ያለው ጋ ስትደርሱ አቁሙ። እዚያ ላይ ጥፍራችሁን ብታንሸራትቱ ከፕላስቲኩ ወደ ክሮሙ ስትወጡ ደረጃ ይሰማችኋል። ያ ደረጃ እስኪጠፋ ድረስ በ240 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ በ400፣ ከዚያ በ800 እያረጠባችሁ አሹት። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ የኒኬል ብናኝ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም። ጎድጎድ ያለውን በስስ ስቱኮ ሙሉት። መጨረሻ ላይ በአልኮል ጥረጉትና በጣታችሁ አትንኩት።

አንድ የአካባቢያችን ምክር ልጨምር። ይሄን ሥራ ደሴ ላይ ጠዋት አትሥሩት። ሙጫው ብርድ ላይ አይይዝም፣ መስመሩን ከበሩ የሚይዙት የፕላስቲክ ክሊፖችም ሲበርዳቸው ቀጭ ይላሉ። እኔ ኮምቦልቻ ወርጄ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ሥር ነው የሠራሁት፤ ክሊፖቹ ሳይሰበሩ ወጡ፣ ስቲከሩም ለስለስ ብሎ ታዘዘኝ።

የበሩ መስመር የቆየበት ምክንያት ግልጽ ነው። አውልቄው ስለለጠፍኩ ጠርዙን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጀርባው አጠፍኩት። ውሃም ነፋስም የሚያገኘው ጫፍ የለም። የመጋቢትና የሚያዝያ የበልግ ዝናብ ወርዶበት ንቅንቅ አላለም። ጉድለቱ ጭረት ነው፦ አቧራ በያዘ ጨርቅ ከተጠረገ በፀሐይ ፊት ቀጫጭን ክብ መስመሮች ይታያሉ፣ የሾፌሩ በር ላይ አሉ። አሁን መጀመሪያ ውሃ አፈስበታለሁ፣ ከዚያ በንጹህ ማይክሮፋይበር ብቻ። ላቫጆ ስወስዳትም የውሃውን ግፊት ወደ ጠርዙ እንዳይደግኑት እነግራቸዋለሁ። ልጆቹ አሁን ለምደውኝ ገና ሳልወርድ «ጋሼ፣ ከሩቅ ነው የምናጥበው» ይሉኛል። ናፍጣ የነካው ጨርቅም አይጠጋው፤ ሙጫውን ያላላዋል።

ግሪሉ ሌላ ታሪክ ነው። ዘንጎቹ ጎበጥ ያሉ ናቸው፣ ማዕዘናቸው ጠባብ። የክሮም ስቲከር ደግሞ ደረቅ ነው፣ እንደ ተራው የመኪና ስቲከር አይለጠጥም። በፀጉር ማድረቂያ ሲያሞቁት ትንሽ እሺ ይላል፤ ሙቀቱ ወይም መሳቡ ካለፈ ግን መስታወትነቱ ይጠፋና ወተት የፈሰሰበት ይመስላል፣ እንደገና አይመለስም። በልኩ ተደርጎ የተለጠፈውም ቢሆን ተገድዶ ስለተኛ ሁልጊዜ ወደ ነበረበት ለመመለስ ይታገላል። የካቲት ላይ ማዕዘኖቹ ተነሱ። አቧራ ገባ፣ ጠርዙ ላይ ጥቁር መስመር ሠራ። የበልጉ ዝናብ ሲመጣ ውሃው ከሥር ገብቶ አበጠ፣ የሐረጎ ጠጠር ደግሞ መሐሉን በሳሳው።

ግሪሉን ኮምቦልቻ ያለ አንድ ቀለም ቀቢ ዘንድ ወሰድኩት። ሽማግሌ ናቸው፣ ሙያቸውን የሚያውቁ። «አብሽር፣ ይሄ የሚያምረው በጥቁር ነው» አሉኝ። የቀረውን ክሮም ሙሉ በሙሉ ሳይሆን የላላውን አንስተው፣ የጠበቀውን ሻካራ አድርገው፣ የፕላስቲክ ፕራይመር ቀብተው የማያብለጨልጭ ጥቁር ሰጡት። ከበሩ ብር መስመር ጋር እንዴት እንደሚሄድ ብታዩት! ለእኔ ከፋብሪካው ይበልጣል።

አዲስ መኪና ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። አንዳንዶቹ ላይ ከፊት አርማው ወይም ከግሪሉ ጀርባ ራዳር አለ፣ ከፊት ያለውን መኪና ርቀት የሚለካ። የክሮም ስቲከር የብረት ንብርብር ስላለው ራዳሩን ይጋርደዋል። እዚያ ጋ በፍጹም አትለጥፉ።

ሲያረጅም አትተዉት። መደብዘዝ ከጀመረ በኋላ ፀሐይ ላይ በቆየ ቁጥር እየተቆራረጠ ነው የሚነሳው። ገና ደህና ሳለ በሙቀት እያለሰለሳችሁ፣ ወደ ኋላ አጥፋችሁ ቀስ እያላችሁ ሳቡት፤ የቀረውን ሙጫ አልኮል ያነሳዋል። እኔ የኋላውን መስመርም ልለጥፍ ስቲከሩን ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ክረምቱ ወጥቶ ደረቅ እስኪሆን ነው የምጠብቀው።